የጣና ዳር ዕቃ ቤቶች፦ የስድስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8 ቀን 2011 ዓ.ም. — ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር

ሦስት ነን፦ አንድ ግንበኛ፣ አንድ አናጺ፣ አንድ መጽሐፍ ደጓሽ። ከዘጌ ደብሮች የአንዱ አባቶች፣ ከጎኑ አዲስ ቤተ መዘክር ተሠርቶ አሮጌው ዕቃ ቤታቸው ባዶ ሊቀር ስለሆነ ለምን ቢውል እንደሚሻል እዩልን ብለው ልከውብን ነው የሄድነው። ዕቃ ቤት የምንለው የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት፣ መስቀልና ጽና፣ አልባሳት፣ የንግሥ ጃንጥላ፣ ከበሮ፣ የዝክር ጋንና ድስት የሚቀመጥበትን ቤት ነው። የደብሩን ስም እዚህ አንጽፍም። በሩንና መዝጊያውን በዝርዝር ስለምንናገር አባቶች ስሙ እንዳይጠራ ጠይቀዋል፤ ልክም ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በ12 ሰዓት ተኩል ተነሥተን ባሕር ዳር የገባነው ከቀኑ 7 ሰዓት አልፎ ነው። መንገዱ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰው 130 ብር ከፈልን። ከቡሬ አልፈን ወደ እንጅባራ ስንቃረብ የኋላ ጎማ ፈንድቶ ወደ አንድ ሰዓት ቆምን። የቆምንበት ቦታ ለጉዳያችን ጠቀመን፤ ከመንገዱ በላይ አንድ ገበሬ አዲስ ጎተራ ሲመርጉ አገኘናቸው።

ጎተራው ከቀርከሃ የተጎነጎነ ነው፤ በአገው ምድር ቀርከሃ እንደ ልብ ነው። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ ውስጡ በእበት፣ ሲደርቅ ደግሞ ውጭው ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል። ክዳኑ የሣር ነው፤ አንድ ሰው በትከሻው ቀና አድርጎ ሊያነሣው ይችላል። ድንጋዮቹ ለምን ጠፍጣፋ እንደሆኑ ብንጠይቃቸው፣ «ጠፍጣፋው ከእግሩ ወጣ ካለ አይጥ መገልበጥ አይሆንላትም» አሉን። ምርጊቱን ለምን እንዳሳሱት ስንጠይቅ ደግሞ፣ «ጎተራ ካልተነፈሰ እህሉ ይታፈናል፤ የታፈነ እህል ይሻግታል» አሉ። ከዚህ በኋላ በጣና ዳር ባየነው ዕቃ ቤት ሁሉ እነዚህን ሁለት ነገሮች ፈልገናል፦ ከመሬት መነሣትና መተንፈስ። የጠፉበት ቤት በሙሉ ታሟል።

እሑድ፣ ኅዳር 9 — ባሕር ዳር

ከቅዳሴ በኋላ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ያለውን አሮጌ ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ አየን። የከተማው ሰው ፔድሮ ፓኤዝ የሠራው ነው ይላል። ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ሲሆን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1622 ሞቷል። ሕንፃውን ማንም ይሥራው፣ ለግንበኛ ዓይን ትልቁ ነገር ኖራው ነው። ኖራን ለግንብ ማያያዣ ማዋል በጣና ዙሪያ የተስፋፋው በዚያው ዘመን ነው፤ በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖራ ሥራ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የብዙው ዕቃ ቤት ማያያዣ ጭቃ ነበር።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከግድግዳው ሳይሆን ከሥሩ ከወደቀ ፍርፋሪ ይወሰዳል። በምስማር ሲጭሩት እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት የሚሰጥና ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ የሚያወጣ ኖራ ነው። ጭቃ በሎሚ ዝም ይላል፤ ውሃ ውስጥ ቢያድር ይሟሟል። ሲሚንቶም አረፋ ሊያወጣ ይችላል፤ እሱን ግን ምስማር አይጭረውም። አጠገቡም ድንጋዩ ሲፈረፈር ይታያል።

ምሳ በሐይቁ ዳር ቆሮሶ ጥብስ በላን፤ አንዱ ሳሕን 90 ብር። የአምባዛ ጉላሽ 70 ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ዓሣ ሲገኝ ከበረዶ ነው፤ እዚህ ጠዋት ከመረብ የወጣው ቀትር ላይ ይበላል።

ከሰዓት የጀልባ ዋጋ ስንጠያይቅ ዋልን። ለአንድ ቀን ወደ ዘጌ ደርሶ መልስ ከ1,200 ብር ጀምረው 850 ላይ ተስማማን። እኛ አዳሪ ስለሆንን አድርሶን ተመልሶ ሐሙስ እንዲወስደን በ1,300 ጨረስን። ማለዳ መነሣት ያስፈልጋል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል፤ ትንሽ ጀልባ ያኔ ውሃ ትጠጣለች።

ስለ ውሃው ከፍታም እዚሁ እንበል፤ በዳር ያለ ግንብን የሚመለከት ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ በ1980ዎቹ ማብቂያ የተሠራው የጫራ ጫራ ግድብ ፍሰቱን ስለሚቆጣጠር፣ ዛሬ የውሃውን ከፍታ ሰማይ ብቻ አይወስነውም። በዳር ያለ መሠረት ሲመረመር ውሃው የሞላበትን ወር ጠብቆ ማየት ነው። የሄድንበት ኅዳር ለዚህ ደኅና ነበር፤ ሙላቱ ገና አልራቀም፣ ዝናቡም አቁሟል።

ሰኞ፣ ኅዳር 10 — ኡራ ኪዳነ ምሕረት

በ1 ሰዓት ተነሣን። ግማሽ መንገድ እንደደረስን ሞተሩ ጮኾ ጠፋ፤ የዓሣ አጥማጅ መረብ ከመዘውሩ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ባለ ጀልባው ሞተሩን ወደ ላይ አጋድሞ ክሩን በቢላዋ እየቆረጠ ለማውጣት 40 ደቂቃ ፈጀበት። መረቡን ሳይቆርጡ ለማስለቀቅ መዘውሩን ወደ ኋላ ማዞር እንደማይረዳ ከዚያው ተማርን፤ ክሩ ወደ ዘንጉ ማኅተም ይገባና ዘይት ያስፈስሳል። እኛ ቆመን ሳለ ሁለት የደንገል ታንኳዎች እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር አለፉን።

የዘጌ ልሳነ ምድር ገና ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ነው። እንደ ትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም በ14ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ገዳም ሲመሠርቱ ከበትራቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ። በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ነው፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው። ለእኛ ለደጋው ሰዎች ያለ ማረሻ የሚኖር የጎጃም መንደር ማየት እንግዳ ነገር ነው።

ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው መካከል ሽቅብ 20 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የመቅደሱ ሥዕል የተሣለው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው፤ ስለዚህ የእርጥበት ምልክት መጀመሪያ የሚታየው በጨርቁ ጠርዝ መላቀቅ ነው። የነገሥታት ዘውዶች፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት የሚታዩበት ቤተ መዘክር እዚሁ ቅጥር ውስጥ አለ።

ጣና ለምን የመላ አገሩ ዕቃ ቤት እንደሆነ እዚህ ቆሞ ሐይቁን ላየ ግልጽ ነው። ውሃው ቅጥር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ሲመጣ የደብርና የቤተ መንግሥት ንብረት ወደ ደሴቶች ሸሽቷል። ነገሥታትም ከሞቱ በኋላ ዐፅማቸው እዚህ እንዲያርፍ ተደርጓል፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም በዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ሌባንና ጦርን የሚከለክለው ይኸው ውሃ ግን ሌላ ጠላት ያመጣል፤ እርጥበት። የጣና ዕቃ ቤት የተሠራበት ብልሃት በሙሉ ይህን ለማስታረቅ ነው።

ቡናው መቅላት ጀምሯል። የዘጌ ቡና በአብዛኛው ከነልጡ ተሰጥቶ ጀንፈል ሆኖ ነው የሚቀመጠው። አንድ ባለ ቡና ጀንፈሉን የሚያስቀምጡበትን ክፍል አሳዩን፤ ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ነው፣ ከግድግዳው ግን ተጠግቷል። ግማሽ ሜትር መራቅ ነበረበት። ቡና ከ12 በመቶ በላይ ርጥበት ይዞ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ከድንጋይ ግድግዳ ጋር የነካው ጆንያ ደግሞ ደርቆ ቢገባም መልሶ ይጠጣል። በነካነው በኩል ጆንያው ቀዝቅዞና ከብዶ ነበር። ባለቤቱ በማግሥቱ ጠዋት ሁሉንም ወደ መካከል ስበው አገኘናቸው። የተቆላ ቡና በኪሎ 110 ብር ገዛን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 — በደብሩ፣ ከውጭ

ሦስት ቁልፍ አለ፤ አንዱ በመምህሩ፣ አንዱ በገበዙ፣ አንዱ በሰበካው ሽማግሌ እጅ። ሦስቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። ሽማግሌው ለገበያ ባሕር ዳር ሄደው ነበር፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ውጭውን ለካን። ይህ ሥርዓት መጥፎ አይደለም። የዘገየብን አንድ ቀን ነው፤ ቤቱን ግን ለዘመናት ጠብቆታል።

ቤቱ አራት ማዕዘን፣ ባለ አንድ ፎቅ ነው። በውጭ ልኩ 6.20 በ5.40 ሜትር። ከሐይቁ ጠርዝ 60 እርምጃ ያህል ርቆ፣ በጥቁር ድንጋይ ዓለት ላይ ቆሟል። የታችኛው ግድግዳ ውፍረት 80 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው 65 ነው። ልዩነቱ በአጋጣሚ አይደለም፤ ግድግዳው ሲቀጥን የሚተወው የ15 ሳንቲ ሜትር እርከን የፎቁን አግዳሚዎች ይሸከማል። በሩ የዋንዛ ነው፤ ቁመቱ 1.45 ሜትር፣ ጎንበስ ብሎ እንጂ የማይገባበት። ወደ ፎቁ የሚያወጣው መሰላል በውጭ ነው፤ ማታ ይነሣል። በፎቁ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትናንሽ መስኮቶች አሉ፤ አንዱ ወደ ሐይቁ፣ ሌላው ወደ ደኑ። እያንዳንዳቸው 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ መዝጊያቸው የእንጨት ነው። ቀን የሐይቁ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ማያያዣው ጭቃ ነው። እስከ ደረት ከፍታ ድረስ ግን፣ 1.20 ሜትር ገደማ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል። ያሠራው በጎ አድራጊ ቤቱን ወዶ ነው ያደረገው። ክፋቱ ግን እዚያው ላይ ይታያል። ከመሬት ወደ ድንጋዩና ጭቃው የሚሳበው ውሃ ቀድሞ በጭቃው ምርጊት በኩል ይተን ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ሲዘጋበት ውሃው መውጫ ፍለጋ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ እርጥቡ መስመር ከልስኑ በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ነጭ ጨው ተፍቷል። በምዕራቡ በኩል ይብሳል፤ የክረምቱ ዝናብ የሚመታው እሱን ነው። በጣታችን ስናንኳኳው ልስኑ ባዶ ድምፅ የሚሰጥባቸውን ቦታዎች በከሰል ምልክት አደረግን፤ ከምዕራቡ ልስን ከግማሽ በላይ ከግድግዳው ለቋል።

ጣራው ቆርቆሮ ነው። ቀድሞ ሣር እንደነበር የወጋግራው ትልቅ ዘንበል ይመሰክራል፤ ለቆርቆሮ ይህን ያህል ዳገት አያስፈልግም። ቆርቆሮውን ሲሠሩ ክፈፉን አሳጥረውታል። ሣሩ ከግድግዳው 70 ሳንቲ ሜትር ይወጣ ነበር፤ ቆርቆሮው 25 ነው። ጠብታው የሚወድቀው መሠረቱ ላይ ነው፤ መሬቱም እዚያው ተቦርቡሮ ጎድጉዷል።

ማታ ሽማግሌው መጡ። ነገ የሚካኤል በዓል ስለሆነ ለዋዜማው አልባሳቱን ለማውጣት ሦስቱ ቁልፎች ተገናኙ። ገበዙ መጀመሪያ የሐይቁን መስኮት፣ ቀጥለው የደኑን ከፈቱ፤ ከዚያ ብቻ ነው ዕቃ የነኩት። «አባታችን፣ ለምን መስኮቱ ቀደመ?» ብለን ጠየቅን። «ሲከፈት ነው የሚታወቀው፤ ቤቱ ሲሸት ዕቃው ታሟል ማለት ነው» አሉን።

ያደርነው እማሆይ ዘንድ ነው። የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ፣ በዚያው በዘጌ ጌሾ የተጠመቀ ጠላ፣ ከዚያ ቡና እስከ ሦስተኛው ስኒ ቀረበ። የዳጉሳው እንጀራ ከእኛ የማኛ ጤፍ ይልቅ ጠቆር ያለና ለሆድ የሚጸና ነው። ገንዘብ አልተቀበሉም። የሚሄድ ሰው ጧፍ፣ ዕጣንና ስኳር ይዞ ቢሄድ ይሻላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12 — በደብሩ፣ ከውስጥ

ሌሊቱን በማኅሌት ያደሩት አባቶች ማለዳ ቁልፋቸውን ይዘው መጡ። የርጥበት መለኪያችንን በ1 ሰዓት በሁለቱም ቤቶች አስቀመጥን፤ በአሮጌው ዕቃ ቤት ፎቅና ከጎኑ በብሎኬት በተሠራው አዲሱ ቤተ መዘክር። አሮጌው 63 በመቶ፣ አዲሱ 76 በመቶ አነበበ። አዲሱ መስኮቱ መስታወት ነው፤ አይከፈትም። ለብራና የሚመቸው ከ45 እስከ 60 በመቶ ነው፤ ከ70 ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። ቆርቆሮ የለበሰው የታመመው ቤት እንኳ ከአዲሱ ይሻላል ማለት ነው። አባቶች ይህን ሰምተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ቆርቆሮው ግን ይቅር የሚባል አይደለም። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ብረቱ ከአየሩ በፊት ይቀዘቅዛል፤ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥብ አየር ሥሩ ሲደርስ ጤዛ ይሆንና ይንጠባጠባል። ማለዳ ስንገባ ወለሉ ላይ የጠብታ ረድፍ ነበር፤ ልክ በቆርቆሮው ሸንተረር አቅጣጫ። ዝናብ ያፈሰሰ መስሏቸው ምስማሮቹን በሬንጅ ደፍነዋቸው ነበር። ሬንጁ ምንም አላደረገም፤ ውሃው ከውጭ አልመጣማ። ሣር ይህን አያደርግም፤ ውፍረቱ ቅዝቃዜውን ያግዳል፣ እርጥበቱንም ይምጥና ቀን ያተነዋል።

የፎቁን ወለል አናጺው አንድ በአንድ በወስፌ ወጋው። አግዳሚዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ የወይራ፣ 18 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተደረደሩ። ስድስቱ እንደ ብረት ናቸው። ሦስቱ በምዕራቡ ጫፋቸው፣ ግድግዳው ውስጥ በገባው በኩል፣ ወስፌውን እስከ እጀታው ዋጡት። የሲሚንቶው እርጥበት የደረሰው እዚያ ነው። ምስጥ የለም፤ ብስባሽ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን አግዳሚ በሙሉ መጣል ኃጢአት ነው፤ ወይራ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ወይራ መቀጠል ይበቃል። መጋጠሚያው በሰያፍ ተቆርጦ ርዝመቱ ከእንጨቱ ውፍረት ሦስት እጥፍ በላይ፣ እዚህ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ሆኖ በአራት የወይራ ችንካር ይያዛል። ጫፉ ጭቃ ላይ ሳይሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ በዙሪያውም ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለት። የብረት ምስማር አይግባበት፤ በእርጥበት ዝጎ እንጨቱን ይሰነጥቃል።

ደጓሹ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያሉትን የእንጨት መስቀያዎች ቆጠረ፤ 44 ናቸው። መጻሕፍቱ በማኅደር (ማንገቻ ባለው የቆዳ ከረጢት) ሆነው እዚህ ተንጠልጥለው ነው የኖሩት። በመስቀያ ላይ ያለ መጽሐፍ አየር በዙሪያው ይዞራል፤ አይጥም ምስጥም አይደርስበትም፤ እሳት ቢነሣ አንድ ሰው በአንድ እጁ አምስት ማኅደር ይዞ ይወጣል። በአዲሱ ቤት ውስጥ ሁለት መጻሕፍት በመስታወት ሣጥን ተከፍተው፣ በአንድ ገጽ ላይ ከቆዩ ዓመት አልፏቸዋል። የአንዱ የጀርባ ክር ተበጥሷል፤ የተከፈተው ገጽ ቀይ ቀለም ከሌሎቹ ፈዟል። መጽሐፍ ለዕይታ ሲከፈት ከ120 ዲግሪ በላይ አይዘርጋ፤ በሁለቱም ገበታዎች (የእንጨት ሽፋኖች) ሥር ድጋፍ ይደረግ፤ በሦስት ወር አንዴ ገጹ ይለወጥ። የእንጨቱ ገበታ ብራናው እንዳይኮማተር የሚጫነው ሲዘጋ ብቻ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ በዛፍ ሥር ተቀምጠን ስለ ቤቱ አገልግሎት ተነጋገርን። ሦስት ሐሳብ ነበራቸው። አንዱ የእንግዳ ማደሪያ ማድረግ ነው። መታጠቢያና መጸዳጃ ከገባ ግን በጭቃ ግንብ ውስጥ የውሃ ቧንቧ ገባ ማለት ነው፤ አንዲት የምታንጠባጥብ መጋጠሚያ በአንድ ክረምት ማዕዘኑን ታወርደዋለች። ሁለተኛው ለነጋዴ በቡና መጋዘንነት ማከራየት ነው። ገቢው ያጓጓል። ነገር ግን 50 ኪሎ ጆንያ አሥር ሆኖ ቢደራረብ በካሬ ሜትር አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ፎቁ አይችለውም። ምድር ቤቱ ክብደቱን ይችላል፣ ቡናውን ግን ያሻግታል። ሦስተኛው እንዲሁ ዘግቶ መተው ነው። ይህ ከሁለቱም ይከፋል። የተዘጋ ቤት መስኮቱን የሚከፍት የለውም፤ የሌሊት ወፍ ይገባበታል፤ ኩሷ ደግሞ እንጨትና ሥዕል ይበላል።

እኛ ያልነው ቤቱ ዕቃ ቤትነቱን አይጣል ነው። ምድር ቤቱ እንደ ድሮው የዝክር ጋኑን፣ ድስቱን፣ ከበሮውንና ጃንጥላውን ይያዝ፤ እነዚህ በየበዓሉ ስለሚወጡ በሩ በየሳምንቱ ይከፈታል። ፎቁ የጎብኚ ክፍል ይሁን፤ መጻሕፍቱ ወደ መስቀያቸው ይመለሱ፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ብቻ በተራ ይታዩ። በአንድ ጊዜ ከስምንት ሰው አይበልጥ፤ ስምንት ሰው 560 ኪሎ ያህል ነው፣ አግዳሚዎቹ ከተጠገኑ ይችሉታል። ዘውድና መስቀሉ በአዲሱ ቤት ቢቆይ አይጎዳም፤ ብረት ስለሆነ የሚፈልገው ጠንካራ መዝጊያ ነው። በአዲሱም ቢሆን ሁለት መስታወት ወጥቶ ወንፊት ሽቦ ይግባበት። መምህሩ ከሁሉ የወደዱት መጻሕፍቱ ወደ መስቀያቸው መመለሳቸውን ነው። ሽማግሌው የኪራዩን ገቢ አነሡ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከጎብኚው መግቢያ ለቤቱ ጥገና ድርሻ እንዲለይ ተስማሙ።

ከሰዓት የሥራውን ቅደም ተከተል በወረቀት አሰፈርን። መጀመሪያ ውሃውን ማራቅ ነው፦ ከግድግዳው አንድ ሜትር ርቆ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ፣ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር እየዘቀጠ ወደ ሐይቁ። ከመሠረቱ ጋር ተጣብቆ መቆፈር መሠረቱን ያጋልጣል። ቀጥሎ ሲሚንቶው ይፈታል፦ በመሮና በመዶሻ ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ምልክት ከተደረገባቸው ባዶ ድምፅ ከሚሰጡት ቦታዎች ተጀምሮ። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ጭቃውን ከውስጥ ያራግፈዋል። ከዚያ መታገሥ። ወፍራም ግንብ በወር ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው የሚደርቀው፤ 80 ሳንቲ ሜትር በሁለቱም ፊት ቢተን እንኳ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈልጋል። ቶሎ የመረገ ሰው እርጥበቱን መልሶ ያሽገዋል።

የምርጊቱን አፈር እዚያው ፈተንን። ሃይላንድ አንድ ሦስተኛውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሞልቶ መናጥና ማሳደር ነው፤ አሸዋው በደቂቃ ከሥር ይቀመጣል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው ከሁሉ በላይ። ሸክላው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከሦስት አንድ ከደረሰ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከቡናው ሥር ያመጡት ሸክላ በዛበት፤ ከወደቡ አጠገብ አሸዋ ተጨምሮ ሦስት የእጅ መዳፍ ያህል ናሙና በስተኋላ ግድግዳ ላይ መረግን። ጭድ ገብቶበት ሦስት ሳምንት ቢቦካ ይጠነክራል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13 — ክብራን ገብርኤል፣ ባሕር ዳር

ባለ ጀልባው በቃሉ መሠረት በ1 ሰዓት ተኩል ደረሰ። በመመለሻው ክብራን ገብርኤል ወረድን። ገዳሙ ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ይቆጠራል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ እንደገና አሠርተውታል። ሴት አይገባበትም፤ እኅቶች ይዞ የሚሄድ ሰው ከጎኑ ያለችውን እንጦስ ኢየሱስን ያስጎብኛቸው። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ለወንድ ብቻ ነው።

የክብራን መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ምሁሩ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1961 ዓ.ም. ገደማ የጣና ደሴቶችን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቷል። እንዲህ ያለ መዝገብ ለዕቃ ቤት ከቁልፍ እኩል ነው፤ የጎደለ የሚታወቀው የነበረው ሲታወቅ ነው። በዘጌው ደብር ደጓሹ 44ቱን መስቀያዎች ቁጥር ጽፎባቸው፣ የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ላይ እንደሚሰቀል ከገበዙ ጋር በደብተር አስፍሯል፤ የገጽ ብዛት፣ ቁመትና ወርድ፣ የገበታው ስንጥቅ ሁሉ ተጽፏል።

ከቀትር በፊት ባሕር ዳር ገባን። በዳር ያሉ ባለ እንጨቶችን ጠይቀን፣ ለሦስቱ አግዳሚ ጫፎች የሚሆን ከፈረሰ ቤት የወጣ ደረቅ ወይራ አገኘን፤ አራት ክንድ ያህሉን 600 ብር ተቀብለው በቀጣዩ የጀልባ ጉዞ እንዲሄድ አስረከብን። ትኩስ ወይራ ከሆነ ግድግዳ ውስጥ ሲደርቅ ይጠማዘዛል።

የጣራውን ሣር ሒሳብ እዚያው ሠራን። ክፈፉ ወደ ድሮው 70 ሳንቲ ሜትር ከተመለሰ የጣራው ፊት በ45 ዲግሪ 73 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለማልበስ ከ80 እስከ 90 የሰው ሸክም ሰምበሌጥ ያስፈልጋል። ሣሩ የሚታጨደው ፍሬው ከረገፈ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው፤ ገና እርጥብ ሳለ የታጨደ ከጣራ ላይ ይበሰብሳል። በልሳነ ምድሩ ውስጥ ደን እንጂ ሣር የለም፤ ስለዚህ ሽማግሌው ከማዶው መንደር ሁለት ማሳ ዳር ለይተው አስጠብቀዋል። ቆርቆሮው የሚነሣው ሣሩ በሙሉ ከቅጥሩ ከገባ በኋላ ነው። የምዕራቡን ሲሚንቶ ማንሣት ከጥምቀት ማግሥት ይጀመራል።